ለሦስት አገልግሎት የሚሆን አንድ ስክሪን ስለ መምረጥ

ለቤት የሚገዛ ዕቃ ሁሉ ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው በገበያ ቀን ከኪስ የሚወጣው ገንዘብ ነው፤ ሁለተኛው ግን ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ ለታሰበለት ሥራ ሳይስማማ ሲቀር በየቀኑ የሚከፈለው ድካምና ጭቅጭቅ ነው። ፊተኛውን ዋጋ ሰው ሁሉ ተከራክሮ ለማስቀነስ ይተጋል፤ ኋለኛውን አስቀድሞ የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። አስቀድሞ መጥኖ ያልደቈሰ ሰው ድስቱን ከጣደ በኋላ ማዘኑ አይቀርምና፥ ዛሬ በብዙ ቤት ስለሚያከራክር አንድ ዕቃ ጥቂት ቃል ለመጻፍ አሰብን።

ዕቃውም ስክሪን ነው። በከተማችን ሳሎኑም፥ መኝታውም፥ የሥራ ቦታውም አንድ ክፍል የሆነበት ቤት ብዙ ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ከወላጆች አንዱ በኮምፒዩተር የመሥሪያ ቤቱን ጽሕፈት ይሠራል፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጌም መጫወት ይወዳል፤ ማታ ደግሞ ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ ዜናና ድራማ ያያል። ለሦስቱ ሦስት ስክሪን ለመግዛት ገንዘቡ አይበቃም፤ ገንዘቡ ቢበቃ ስንኳ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ ብዙ ሰው አንድ ስክሪን ገዝቶ ለሦስቱ ሊያደርገው ያስባል። አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከሦስቱ አገልግሎቶች የትኛው ይበልጥ እንደሚጠነቅቅ ሳያውቅ የሚገዛ ሰው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው ሴት ይሆናል።

ሦስቱን በአንድ መስተዋት ላይ መሰብሰብ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1972 ማግናቮክስ ኦዲሲ የሚባለው የመጀመሪያው የቤት ጌም ለሽያጭ ሲወጣ የሚሠራው ከቴሌቪዥን ጋራ ተያይዞ ነበር። በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64 የተባለው ኮምፒዩተርም እንዲሁ ከቤት ቴሌቪዥን ጋራ እንዲያያዝ የተሠራ ነበር። ነገር ግን የዚያን ዘመን ቴሌቪዥን ደቃቅ ፊደልን አጥርቶ ለማሳየት ስለማይችል፥ ይህ ኮምፒዩተር በአንድ መስመር ላይ የሚጽፈው 40 ፊደል ብቻ ነበር። አይቢኤም በ1981 ለቢሮ ሥራ ያወጣው ኮምፒዩተር ግን ፊደሉን አረንጓዴ አድርጎ በሚያሳይ በራሱ ሞኒተር በአንድ መስመር 80 ፊደል ይጽፍ ነበር። ሞኒተርና ቴሌቪዥን መንገዳቸው የተለያየበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ሥዕልን ለማየት የሚበቃ መስተዋት ፊደልን ለማንበብ አልበቃም።

ይህ የቀድሞ ነገር ለዛሬው ገዢ ዋና ምክር ይሰጠዋል። ከሦስቱ አገልግሎቶች ጥብቁ ጌታ ፊደል ነው። ፊልም ጥቂት ቢደበዝዝ ታሪኩ አይጠፋም፤ በጌም ውስጥ የሣሩ ቅጠል ባይለይ ኳሱ ከመግባት አይቀርም። ፊደል ግን ሲደበዝዝ ቃሉ ይለወጣል። ይልቁንም የእኛ ፊደል ድምፁን የሚለውጠው በትንሽ ምልክት ስለ ሆነ ይህን ጕዳይ ማቃለል አይገባም። አንድ ጸሐፊ ውሳኔ ሲገለብጥ «ይከፍላል» የሚለውን «ይከፈላል» ብሎ ቢያነብ፥ ገንዘብ የሚሰጠው ሰው ገንዘብ ተቀባይ ይሆናል፤ በፍና በፈ መካከል ያለው ልዩነት ግን አንዲት ደቃቅ ምልክት ናት። ስለዚህ ስክሪኑን አስቀድሞ ለፊደል እንምረጠው፤ ለፊደል የበቃ ስክሪን ለሥዕልና ለጨዋታ የሚጐድለው ጥቂት ነው፤ እርሱንም ማሟላት ይቻላል። ለሥዕል ብቻ የተመረጠን ስክሪን ግን በኋላ ለፊደል ማብቃት አይቻልም።

ስክሪን የሚለካው ከአንዱ ማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን ድረስ በኢንች ነው፤ አንድ ኢንችም 2.54 ሳንቲሜትር ነው። በላዩ የሚታየው ሥዕልና ፊደል ሁሉ ፒክሰል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሠራ ነው። ፉል ኤችዲ የሚባለው ስክሪን ወርዱ 1920፥ ቁመቱ 1080 ነጠብጣብ ሲሆን፥ 4ኬ የሚባለው ወርዱ 3840፥ ቁመቱ 2160 ነጠብጣብ ነው፤ ስለዚህ ቍጥሩ ከፊተኛው አራት እጥፍ ነው። ሁለት ባለ 43 ኢንች ስክሪኖች በሱቅ ጐን ለጐን ቢቆሙ በመጠን እኩል ናቸው፤ ነገር ግን በፉል ኤችዲው ላይ የአንዱ ነጠብጣብ ስፋት ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፥ በ4ኬው ላይ የሚሊሜትር ሩብ ነው።

ይህ ልዩነት የሚታየው ወይም የማይታየው እንደ መቀመጫው ርቀት ነው። ጤናማ ዓይን የአንድ ዲግሪን 60ኛ እጅ ያህል ጠባብ የሆነውን ነገር ለይቶ ያያል። ይኸውም በ70 ሳንቲሜትር ርቀት የሚሊሜትር አምስተኛ እጅ ያህል፥ በ2 ሜትር ተኩል ርቀት ግን 0.7 ሚሊሜትር ያህል ማለት ነው። እንግዲህ አልጋው ላይ ወይም ሶፋው ላይ ሆኖ በ2 ሜትር ተኩል ርቀት ለሚያይ ሰው የፉል ኤችዲው ነጠብጣብ አይታየውምና ሁለቱ ስክሪኖች ሊመስሉት ይችላሉ። ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ ለሚጽፈው ሰው ግን በአንደኛው ላይ የፊደሉ ጠርዝ እንደ ደረጃ ተሰባብሮ ይታየዋል፥ በሁለተኛው ላይ ለስልሶ ይታየዋል። ሻጩ ከሩቅ አቁሞ ሲያሳየን ልዩነቱ የሚሰወርብን ስለዚህ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የመጠኑ ነገር ይመጣል። ባለ 32 ኢንች ስክሪን ወርዱ 71፥ ቁመቱ 40 ሳንቲሜትር ነው፤ ባለ 43ቱ 95 በ54፥ ባለ 55ቱ ደግሞ 122 በ69 ሳንቲሜትር ነው። ለጽሕፈት ሥራ የሚመከረው ርቀት እጅ ሲዘረጋ ጣት የሚደርስበት፥ ይኸውም ከ60 እስከ 70 ሳንቲሜትር ያህል ነው። በዚህ ርቀት ባለ 43 ኢንች ስክሪን ፊት የሚቀመጥ ሰው ከዳር እስከ ዳር ለማየት ቀኑን ሙሉ አንገቱን ሲያዞር ይውላል። ለማየት ደግሞ የሲኒማ መሐንዲሶች ከሚጠቀሙባቸው መለኪያዎች አንዱ ስክሪኑ ለዓይን 30 ዲግሪ ስፋት እንዲይዝ ያዛል፤ በዚህ መለኪያ ለባለ 32 ኢንች 1.3 ሜትር፥ ለባለ 43 ኢንች 1.8 ሜትር ያህል፥ ለባለ 55 ኢንች 2.3 ሜትር ያህል ርቀት ይስማማዋል።

ከዚህ ሒሳብ የምናገኘው ፍርድ እንዲህ ነው። ጠረጴዛው ጠባብ የሆነና አልጋው ከ2 ሜትር የማይርቅ ሰው ባለ 32 ኢንች 4ኬ ቢመርጥ ይስማማዋል፤ ፊደሉም ደቃቅ ሆኖ ቢያስቸግረው በኮምፒዩተሩ ማስተካከያ ወደ 150 በመቶ ማሳደግ ይቻላል። ስክሪኑን ከግድግዳ ሰቅሎ፥ ጠረጴዛውን ከግድግዳው ጥቂት አርቆ፥ ከዓይኑ እስከ ስክሪኑ 1 ሜትር ያህል ማድረግ የሚችል ሰው ግን ባለ 43 ኢንች 4ኬ ቢይዝ ለቤተ ሰቡም ለሥራውም ይበቃዋል። ባለ 55 ኢንች ለሳሎን እንጂ ለጽሕፈት ጠረጴዛ አይደለም። ባለ 43 ኢንች ፉል ኤችዲም ዋጋው ቢያጓጓ ለማየት ብቻ የሚሆን ዕቃ ነው።

ገንዘብ ሳያወጡ ይህን መፈተን ይቻላል። አሮጌ ጋዜጣ በማጣበቂያ አያይዞ በተባለው ወርድና ቁመት ቈርጦ ከግድግዳ መለጠፍ፤ ከዚያም በጽሕፈቱ ወንበርና በአልጋው ላይ እየተቀመጡ ጥቂት ቀን መመልከት ነው። የላይኛው ጠርዝ ከዓይን ትክክል ወይም ከዚያ ጥቂት ዝቅ ብሎ ሊሆን ይገባል፤ ቀና ብሎ ማየት አንገትን ያደክማልና።

ሞኒተር ይሻላል ወይስ ቴሌቪዥን ብሎ የሚጠይቅም አለ። ብዙ ሰው ሞኒተር የቴሌቪዥን ጣቢያ መቀበያ የለውም ብሎ ይተወዋል። ነገር ግን በአገራችን ብዙ ቤት ስርጭቱን የሚያገኘው በሳተላይት ዲሽና በሪሲቨር ስለ ሆነ፥ ሪሲቨሩን በኤችዲኤምአይ ገመድ ከሞኒተሩ ጋራ ማያያዝ ይበቃል። የሞኒተር ጉድለቱ ሌላ ነው፤ ብዙው ድምፅ ማጉያ የለውም፥ ቢኖረውም ደካማ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሪሞት የለውም። ስለዚህ የትንሽ ስፒከር ዋጋ ከሞኒተሩ ዋጋ ጋራ ሊታሰብ ይገባል። የቴሌቪዥን ጉድለት ደግሞ ሥዕልን ለማሳመር ሲል የቀለሙን ዝርዝር መቀነሱና ባለ ቀለም ፊደልን ማደብዘዙ ነው። በብዙ ቴሌቪዥን ላይ ገመዱ የገባበትን ቀዳዳ ከማስተካከያው ውስጥ «ኮምፒዩተር» ብሎ መሰየም ይህን ያስተካክለዋል፤ ይህ የማይሆንለት ቴሌቪዥን ግን ለጽሕፈት አይገዛም።

የጌምን ነገር ልጆች ከወላጆች ይልቅ ያውቁታል፤ ሆኖም ገንዘብ የሚያወጣው ሰው ጥቂት ሊረዳው ይገባል። ቴሌቪዥን ሥዕሉን ለማሳመር ሲሠራ ይዘገያል፤ ልጁ ቁልፉን ተጭኖ ተጫዋቹ ቈይቶ ይመታል። ለዚህ «ጌም ሞድ» የሚባለውን ማብራት መፍትሔው ነው። በሴኮንድ 60 ጊዜ ሥዕል የሚለውጥ ስክሪን ለአብዛኛው ጨዋታ ይበቃል። በ2020 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ወደ 120 የሚደርስባቸው ጨዋታዎች አሉ፤ ይህንም በ4ኬ ሙሉ አድርጎ ለመጠቀም ኤችዲኤምአይ 2.1 የሚባለው መግቢያ ያስፈልጋል። ቤቱ ውስጥ ያለው በ2013 የወጣው ፕሌይስቴሽን 4 ከሆነ ግን ከ60 አያልፍምና፥ ለ120ው ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ለማይጠጡት ውሃ መክፈል ነው።

ስለ መስተዋቱ ዓይነትም እንዲህ ይታወቅ። አይፒኤስ የሚባለው ከጐን ለሚያየው ሰው ቀለሙን አይለውጥም፤ ስለዚህ ቤተ ሰብ ተበታትኖ ለሚቀመጥበት ክፍል ይስማማል። ቪኤ የሚባለው ጥቁሩ ይበልጥ ጠልቆ ይታያል፤ ከጐን ሲያዩት ግን ይደበዝዛል። ኦሌድ የሚባለው ከሁሉ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ሳይንቀሳቀስ ብዙ ሰዓት የሚቆም ነገር፥ እንደ ኮምፒዩተር የታችኛው መስመርና እንደ ጣቢያ ምልክት ያለው፥ በላዩ ጠባሳ ሊተው ይችላልና ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ሰው ያሰጋል።

ወደ ሱቅ ሲሄዱ ላፕቶፕ፥ የኤችዲኤምአይ ገመድና ሜትር መያዝ ይገባል። በአማርኛ የተጻፈ ገጽ ከፍቶ፥ ወንበር ለምኖ በ70 ሳንቲሜትር ርቀት ተቀምጦ ማንበብ፤ በጥቁር መደብ ላይ ቀይ ፊደል ጽፎ መድበዝዝ አለመደብዘዙን ማየት፤ ከዚያም ተነሥቶ ከጐን መመልከት ነው። ይህን ለመፍቀድ የሚያንገራግር ሻጭ ቢገኝ ወደ ሌላው ሱቅ መሄድ ይሻላል። ዕቃው ቤት ከገባ በኋላም ስታቢላይዘር ይደረግለት፤ መብራት ሲጠፋም ሶኬቱን ነቅሎ ኃይሉ ተመልሶ እስኪረጋ መጠበቅ ነው።

ዓይንን መጠበቅ የሁሉ ግዴታ ነው። የሚጽፍ ሰው በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል ርቆ ያለ ነገርን ለ20 ሴኮንድ ቢመለከት ዓይኑ ያርፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ስክሪን አይመከርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ተብሏል። በአንድ ክፍል በሚኖር ቤት ትልቁ ሲያይ ትንሹም ያያልና ይህን መዘንጋት አይገባም።

በመጨረሻ ስለ ቤት ሥርዐት እንናገር። አንድ ስክሪን ሦስት መግቢያ ቢኖረውም የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ሰዓት ሊጠቀምበት አይችልም። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ቤተ ሰቡ ተቀምጦ ሰዓቱን በወረቀት ይጻፍ፤ የሥራው ሰዓት፥ የጨዋታው ሰዓት፥ የማታው ሰዓት ይለይ። ሰዓታቸው የማይጋጭ ከሆነ አንድ መልካም ስክሪን መግዛት ብልኅነት ነው። ሥራው እስከ ሌሊት የሚዘልቅ፥ ቤተ ሰቡም በዚያው ሰዓት ዜና የሚጠብቅ ከሆነ ግን አንዱን ትልቅ ስክሪን ትቶ፥ ያለውን አሮጌ ቴሌቪዥን ለማታው ማቆየትና ባለ 24 ኢንች ሞኒተር ለጽሕፈቱ ብቻ መግዛት ገንዘብንም ፍቅርንም ያተርፋል። የሰው ምስጢር የሚጽፍ ሠራተኛም ያስብበት፤ ከግድግዳ የተሰቀለ ሰፊ ስክሪን ቡና ሊጠጣ የመጣ ጎረቤት ሁሉ ያነበዋል፤ ቤተ ሰቡ ድራማ ሲያይም የመሥሪያ ቤት መልእክት በመካከል ብቅ ሊል ይችላል። ለሥራው የተለየ መግቢያ ስም በኮምፒዩተሩ ላይ ማበጀት፥ ሥራው ሲያበቃም መዝጋት፥ ከዕቃው ምርጫ የማያንስ ጥንቃቄ ነው።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ ክፍላችሁን ለኩ፥ ሰዓታችሁን ቍጠሩ፥ ፊደሉን በዓይናችሁ ፈትኑ፤ ዋጋውን መከራከር ከዚያ በኋላ ይሁን።