ፀረ-ሂስታሚን፦ የሚያስታግሰውና የማይደርስበት

ከላሊበላ ከተማ በስተሰሜን ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በብልባላ፣ የብልባላ ጊዮርጊስ ውቅር ቤተ ክርስቲያን በግድግዳው ውስጥ በሚኖሩት ንቦች ይታወቃል፤ ምእመናንም ከዚያ የሚገኘው ማር ለቆዳ ሕመም ፈውስ እንደሚሰጥ ያምናሉ። የላስታ ደጋ ነጭ ማር በገበያ ስሙ የወጣ በመሆኑ በአካባቢው ከንብ ጋር የማይገናኝ ቤተሰብ ጥቂት ነው። የተነደፈ ሰው ወደ መድኃኒት ቤት ሲሄድ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው አለርጂን የሚያስታግስ ክኒን ሲሆን፣ የዚህ ክኒን ችሎታም ድንበሩም በንብ ንድፊያ ላይ ከየትም ይበልጥ ጎልቶ ይታያል።

ንብ ስትነድፍ መንደፊያዋ ከመርዝ ከረጢቱ ጋር ተነቅሎ ቆዳ ላይ ይቀራል፤ ከረጢቱም ንቧ ከሄደች በኋላ ለተወሰኑ ሰኮንዶች መርዙን መግፋቱን ይቀጥላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕክምና ክኒን ሳይሆን መንደፊያውን በጥፍርም ሆነ በሌላ ነገር ፈጥኖ ማውጣት ነው፤ በምን ወጣ ከሚለው ይልቅ ስንት ሰኮንድ ቆየ የሚለው ይበልጣል። በመርዙ ውስጥ ሕዋሳትን የሚያፈርሰው ሜሊቲንና ፎስፎሊፓዝ የተባለው ኢንዛይም ይገኛሉ፤ ከእነርሱም ጋር ማስት የተባሉትን ሕዋሳት አነሣሥቶ ጓዛቸውን የሚያስፈስስ ሌላ ንጥረ ነገር አለ። ማስት ሕዋሳት ከቆዳ ሥር፣ በአፍንጫ ሽፋን፣ በአየር ቧንቧና በአንጀት ግድግዳ ተሰማርተው የሚገኙ፣ ሂስታሚን የተባለውን ኬሚካል በጥቃቅን ቋት አጭቀው የሚጠብቁ የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ናቸው። ሂስታሚን ሲፈስ ጥቃቅን የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ ቆዳው ይቀላል፣ ፈሳሽ ከደም ሥሮቹ እንዲወጣ ስለሚያደርግ ያብጣል፣ የነርቭ ጫፎችን ስለሚቀሰቅስ ያሳክካል። በአፍንጫ ሲሆን ያስነጥሳል፣ ውሃም ያፈስሳል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ በውድማ ላይ የሚነሣው የእብቅ ብናኝ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

የሂስታሚንን ጠባይ ብሪታንያውያኑ ሄንሪ ዴልና ፓትሪክ ሌድሎው ከ1910 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካጠኑ በኋላ፣ በ1937 ዳንኤል ቦቬ በፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት ውስጥ ከአን-ማሪ ስታውብ ጋር ሆኖ ይህን ኬሚካል የሚገታ የመጀመሪያውን ውሁድ አገኘ። ውሁዱ ለሰው የማይሰጥ መርዛም ቢሆንም መንገዱን ስለከፈተ፣ በ1940ዎቹ ለሰው የሚሆኑት መድኃኒቶች ተከታትለው ወጡ፤ ቦቬም በ1957 የኖቤል ሽልማት አገኘ። እነዚህ መድኃኒቶች የፈሰሰውን ሂስታሚን አያጠፉም፤ መፍሰሱንም በዋናነት አያግዱም። ሥራቸው ሂስታሚን የሚያርፍበትን፣ ኤች-1 የተባለውን የሕዋስ ተቀባይ መያዝና እንዳይሠራ ማድረግ ነው። አለርጂው ከመነሣቱ በፊት የተወሰደ ክኒን ከተነሣ በኋላ ከተወሰደው የተሻለ የሚያገለግለውም በዚህ ምክንያት ነው። ኤች-2 የተባለው ሌላው ተቀባይ የጨጓራን አሲድ የሚመለከት ስለሆነ፣ እርሱን የሚገቱት እነ ሲሜቲዲን የጨጓራ መድኃኒቶች እንጂ የአለርጂ አይደሉም።

ሂስታሚን በአንጎል ውስጥ ሌላ ሥራ አለው፤ ሰውን ነቅቶ እንዲቆይ ከሚያደርጉት መልእክተኞች አንዱ ነው። ቀደምቶቹ ፀረ-ሂስታሚኖች፣ ማለትም ክሎርፌኒራሚን፣ ፕሮሜታዚን፣ ዳይፈንሃይድራሚንና ሃይድሮክሲዚን፣ ከደም ወደ አንጎል በቀላሉ ስለሚሻገሩ ያስተኛሉ፤ እንቅልፉ ባይመጣ እንኳ የማስተዋልና ፈጥኖ ምላሽ የመስጠት ችሎታን ያዳክማሉ፤ ማታ የተወሰደውም ክኒን ጠዋት ላይ ላይለቅ ይችላል። ቀፎ ለማውረድ ገደል ላይ ለሚወጣ ሰው ወይም በላስታ ጠመዝማዛ መንገድ ለሚያሽከረክር ሾፌር ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም፤ ጠላ ወይም አረቄ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። እነዚሁ መድኃኒቶች አሴቲልኮሊን የተባለውን ሌላ የነርቭ መልእክተኛም ስለሚከለክሉ አፍ ያደርቃሉ፣ ሆድ ያደርቃሉ፤ ፕሮስቴት ያበጠባቸውን አረጋውያን ሽንት ሊከለክሏቸው፣ አንዳንድ የግላኮማ ሕሙማንን የዓይን ግፊት ሊያባብሱባቸው፣ በዕድሜ የገፉትን ደግሞ ሊያደናግሯቸውና ሊጥሏቸው ይችላሉ። በሕፃናት ላይ አንዳንዴ በተቃራኒው እንቅልፍ ነሥተው የሚያቅበጠብጡ መሆናቸው ወላጆችን ያስገርማል።

ኋላ የመጡት ሎራታዲን፣ ሴትሪዚንና ፌክሶፌናዲን ወደ አንጎል እምብዛም አይገቡም፤ ሴትሪዚን ጥቂት ሰዎችን ቢያስተኛም፣ የእርሱ አንድ 10 ሚሊግራም ክኒን በቀን አንድ ጊዜ ለአብዛኛው አዋቂ ይበቃል። አዲስነት ግን ብቻውን ዋስትና አይደለም። ከዚህ ወገን መጀመሪያ የወጡት ቴርፌናዲንና አስቴሚዞል፣ በተለይ ከአንዳንድ የፈንገስ መድኃኒቶችና ከኤሪትሮማይሲን ጋር ሲወሰዱ፣ የልብን ምት አዛብተው እስከ ሞት ስላደረሱ በ1990ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ከገበያ ወጥተዋል። በ2025 ደግሞ የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሴትሪዚንን ለወራት ወይም ለዓመታት በየቀኑ ወስደው ሲያቆሙ በጥቂት ሰዎች ላይ ብርቱ ማሳከክ እንደሚነሣ አስጠንቅቋል። ይህ ሁሉ ተመዝኖም ቢሆን ለውድማ አለርጂም ሆነ በሰውነት ላይ ለሚወጣ የአለርጂ ሽፍታ መጀመሪያ መታሰብ ያለባቸው የኋለኞቹ ናቸው፤ የቀደሙት በርካሽነታቸውና በልማድ ብቻ ከፊት መሰለፋቸው ተገቢ አይደለም።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ክኒኑን ከማይችለው ሸክም ጋር ማጋጠም ነው። በተነደፈው ቦታ ብቻ የሚቀር እብጠት፣ ቢሰፋና ሁለት ሦስት ቀን ቢቆይ እንኳ፣ በቀዝቃዛ ጨርቅና በፀረ-ሂስታሚን ይታገሣል። በደቂቃዎች ውስጥ ሽፍታው መላ ሰውነት ከወረሰ፣ ጉሮሮ ከጠበበ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ሰውየው ራሱን ከሳተ ግን የተነሣው አናፊላክሲስ የሚባለው፣ ሂስታሚን ከብዙዎቹ ተዋንያን አንዱ ብቻ የሆነበት ከባድ አለርጂ ነው። ክኒኑ ለመሥራት ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ የወደቀውን የደም ግፊት አያነሣም፤ የተዘጋውንም የአየር ቧንቧ አይከፍትም። ያን የሚያደርገው አድሬናሊን ሲሆን፣ ለአዋቂ 0.5 ሚሊግራም በጭን ጎን ጡንቻ ይወጋል፤ ጤና ተቋም እስኪደረስም ሕመምተኛው ተጋድሞ እግሩ ከፍ ይላል፣ መተንፈስ ካቃተው ግን እንዲቀመጥ ይደረጋል። አዘውትረው የሚነደፉ ንብ አናቢዎች ሰውነታቸው ብዙ ጊዜ መርዙን እየለመደ ሲሄድ፣ አልፎ አልፎ ብቻ ከሚነደፉት መካከል ለከባዱ አለርጂ የሚጋለጡ ይገኛሉ፤ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ያለ ሐኪም ምክር ወደ ቀፎ መመለስ የለበትም። መንጋው ወርሮት በመቶዎች የሚቆጠር ንድፊያ የደረሰበት ሰው ደግሞ፣ ምንም አለርጂ ባይኖርበትም፣ መርዙ ራሱ ጡንቻውንና ኩላሊቱን ስለሚጎዳ ሆስፒታል መግባት አለበት።

ማሳከክ ሁሉ ከአለርጂ እንደማይመጣ የአማራ ክልል በድርቁ ዘመን አይቶታል። ከ2015 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. በተነሣው የእከክ ወረርሽኝ፣ በ68 ወረዳዎች ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመርምሮ 379,000 ያህሉ እከክ ተገኝቶበታል። እከክን የምታመጣው ቆዳን ሰርስራ የምትገባ፣ በዓይን እምብዛም የማትታይ ተባይ ስትሆን፣ ፀረ-ሂስታሚን እርሷን አይነካትም፤ ማታ የወሰደው ሰው ቢተኛለትም ተባይዋ ከልጅ ወደ እናት፣ ከአንዱ መኝታ ወደ ሌላው መሻገሯን አታቆምም። የሚገድላት ፐርሜትሪን ቅባት፣ የድኝ ቅባት ወይም አይቨርሜክቲን ሲሆን፣ የሚታከመውም አንዱ ታማሚ ሳይሆን ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ጊዜ ነው። ተባይዋ ከሞተች በኋላም ማሳከኩ ሳምንታት ሊቆይ ስለሚችል፣ የሚያስተኛው አሮጌ ክኒን ለአዋቂ ለጥቂት ሌሊት የሚጠቅምበት ጊዜ ቢኖር ያኔ ነው።

በኩበት ጭስ ወይም በዕጣን የተቃጠለ ዓይንና ጉሮሮም ከዚህ መድኃኒት እምብዛም አያገኝም፤ ጭሱ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ያለ ሂስታሚን ነውና። ጉንፋንንም አያድንም፤ ሆኖም በብዙ የጉንፋን ሽሮፖች ውስጥ ክሎርፌኒራሚን ተደባልቆ ስለሚገኝ፣ ሽሮፑንና የአለርጂ ክኒኑን አንድ ላይ የሚወስድ ሰው ሳያውቅ መጠኑን እጥፍ ያደርጋል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው የሴትሪዚንን መጠን መቀነስ አለበት፤ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ከመውሰዷ በፊት የጤና ባለሙያ ትጠይቅ። ሕፃኑ እንዲተኛ ተብሎ የሚሰጥ ሽሮፕ ግን ፈጽሞ መቅረት ያለበት ልማድ ነው፦ ፕሮሜታዚን ትንፋሽን አዳክሞ ሊገድል ስለሚችል ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም።