ዘንዶውን በአማርኛ መግጠም፦ ከትናንሽ ልጆች ጋር የምንጫወተውን ቦርድ ጌም እንዴት እንምረጥ?

ባለፈው የገና እረፍት ለስድስት ዓመቷ እህቴ ትልቅ የጀብዱ ቦርድ ጌም ገዛሁላት። ሳጥኑ ላይ ጎራዴ የመዘዘ ጀግና፣ ጠንቋይና እሳት የሚተፋ ዘንዶ አለ። እውነቱን ለመናገር የገዛሁት እኔው ወድጄው ነው። ሳሎን ምንጣፉ ላይ ዘረጋነው። ደንቡን አንብቤ እስክጨርስ አርባ ደቂቃ አለፈ። ካርዶቹ በሙሉ በደቃቅ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የተሞሉ ናቸው፤ እህቴ ደግሞ ገና ማንበብ እየጀመረች ነው። ሁለት ዙር እንኳ ሳንጫወት «ሰለቸኝ» ብላ ወደ ታብሌቷ ሄደች። ሶፋው ላይ ተቀምጠው ሲያዩን የነበሩት አያታችንን ደግሞ ከመጀመሪያውም አልጋበዝናቸውም፤ እንግሊዝኛ አያነቡማ።

ጨዋታው መጥፎ አልነበረም። የተሠራው ግን ለእኔ እንጂ ለእሷ አልነበረም። ብዙዎቻችን ቅዳሜና እሁድ ታናናሾቻችንን ወይም የዘመድ ልጆችን የምንጠብቅ ስለሆንን፣ ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

፩. መጀመሪያ ጽሑፉን ተመልከቱ

ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ካርዱ ላይ ምንም የሚነበብ ነገር ባይኖር ይመረጣል። ለእኛ ቤት ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፦ ጽሑፍ የሌለው ጨዋታ ቋንቋውን የሚወስኑት ተጫዋቾቹ ናቸው። በአማርኛ ከተጫወታችሁት የአማርኛ ጨዋታ ይሆናል።

አሜሪካ ያደገ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ካንዲ ላንድ የተፈጠረው በዚህ ሐሳብ ነው። ኤሌነር አቦት የምትባል መምህርት እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ሳን ዲዬጎ ውስጥ ከፖሊዮ እያገገመች ሳለ፣ በዚያው በሽታ ለተኙ ሕፃናት ብላ ሠራችው። ሚልተን ብራድሊ የተባለው ኩባንያ በ1949 ለገበያ አቀረበው። ማንበብም መቁጠርም አይጠይቅም፤ ቀለም መለየት ብቻ ይበቃል። ነርሲንግ ስለምማር ይሆናል ይህ ታሪክ ልቤን የሚነካው፦ ከአልጋ መውረድ ያልቻለ ልጅ በከረሜላ ጫካ ውስጥ ይጓዛል።

፪. ልጁ የሚወስነው ነገር ይኑር

ካንዲ ላንድ አንድ ጉድለት አለው። ሁሉንም የሚወስነው የሚወጣው ካርድ ነው፤ ልጁ ምንም አይመርጥም። ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ ይሄ በቂ ነው። አምስት ዓመት ሲሞላው ግን ትንሽም ብትሆን የራሱ ምርጫ ያስፈልገዋል።

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ሃባ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ያሳተመው ድራጎንስ ብሬዝ ነው። ከአምስት ዓመት ጀምሮ ከሁለት እስከ አራት ሰው ይጫወተዋል፤ ከሃያ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። የበረዶ ቀለበቶች ተደርድረው ዓምድ ይሠራሉ፤ ውስጣቸው በሚያብረቀርቁ ድንጋዮች ይሞላል። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ቀለም ይመርጣል። ከዚያ አባት ዘንዶው በእሳቱ በረዶውን ያቀልጣል ተብሎ አንድ ቀለበት ይነሳል፤ ድንጋዮቹም ይበተናሉ። የመረጣችሁትን ቀለም ትወስዳላችሁ፤ ቀዳዳ ውስጥ የገባው ለዘንዶው ነው። የቱ ቀለም ብዙ እንደሚወድቅ አጎንብሶ አይቶ መገመት የልጁ ፋንታ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ በዚህ ጨዋታ ትልቅ ሰው ሲያሸንፍ አስመስለን ስለተሸነፍንለት አይደለም።

፫. አብሮ መጫወት ወይስ መፎካከር?

አንዳንድ ልጅ ሲሸነፍ ሰሌዳውን ይገለብጣል። እንዲህ ላለው ልጅ ሁሉም በአንድ ወገን የሚሰለፉበት ጨዋታ ይሻላል። ሬስ ቱ ዘ ትሬዠር ከአምስት ዓመት ጀምሮ የሚሆን ነው። ተጫዋቾቹ በካርድ መንገድ እየቀጠሉ ሦስት ቁልፍ ሰብስበው ከጭራቁ ቀድመው ውድ ሀብቱ ጋ መድረስ አለባቸው። የጭራቅ ካርድ በወጣ ቁጥር ጭራቁ አንድ እርምጃ ይቀርባል። ከተሸነፉም ሁሉም አብረው ነው የሚሸነፉት።

እዚህ ላይ አደጋው እኛ ታላላቆቹ ነን። «እዚያ አይደለም፣ እዚህ አድርጊው» እያልን ጨዋታውን ብቻችንን እንጫወተዋለን። ተራው የእሷ ከሆነ ስህተትም ቢሆን ዝም በሉ።

፬. ሰባት ዓመት ሲሞላቸው

ዞምቢ ኪድዝ ኢቮሉሽን ላይ ልጆች ትምህርት ቤታቸውን ከዞምቢ ይከላከላሉ። አንዱ ጨዋታ አሥራ አምስት ደቂቃ ገደማ ነው። በተጫወታችሁ ቁጥር ስቲከር ትለጥፋላችሁ፤ የታሸጉ ፖስታዎች እየተከፈቱ አዲስ ደንብ ይጨመራል። ስለዚህ ልጆቹ ራሳቸው «እንድገመው» ይላሉ።

ስተፍድ ፌብልስ ደግሞ ረጅም ታሪክ ነው፦ አሻንጉሊቶች የተኛችውን ልጅ ከክፉ ሕልም ለመጠበቅ ይዘምታሉ። ሰዓት ያልፋል፤ ጽሑፉም ብዙ ነው። ነገር ግን የሚያነበው አንድ ሰው ከሆነ ያ ሰው እናንተ ሁኑና እንደ ተረት በአማርኛ ንገሯቸው። ቃል በቃል መተርጎም አያስፈልግም። የሚያስፈራ ምዕራፍ ሲመጣም ማለስለስ በእጃችሁ ነው፤ ከመኝታ ሰዓት በፊት ግን አትጀምሩት።

፭. ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ

ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ዕድሜ የጨዋታውን ክብደት ብቻ አይናገርም። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። በሽንት ቤት ወረቀት ጥቅል ካርቶን ውስጥ የሚያልፍ ማንኛውም ዕቃ ሊያንቀው ይችላል። የድራጎንስ ብሬዝ ድንጋዮች እንዲህ ያሉ ናቸው። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ ተጫወቱ፤ ሲያልቅ ቁጠሩ።

ከሁሉም በላይ ማግኔት ያላቸውን ተጠንቀቁ። ለምሳሌ ማጂክ ላቢሪንት የሚባለው፣ ግድግዳው የማይታይበት አሪፍ ጨዋታ፣ የሚሠራው በማግኔት ነው። ሁለት ማግኔት የዋጠ ልጅ አንጀቱ በመሃላቸው ተጣብቆ ሊበሳ ይችላል። ማግኔት ወልቆ ከጠፋ ጨዋታውን አቁሙና ፈልጉ። ልጁ ውጦታል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ሕመም እስኪጀምረው አትጠብቁ፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

፮. ሳትገዙ ሞክሩ

የተማሪ ኪስ ይታወቃል። ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ቦርድ ጌም ያውሳሉ፤ መጀመሪያ ከዚያ ወስዳችሁ ልጁ ይወደው እንደሆነ እዩ። ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ስትገዙ ሳጥኑን ከፍታችሁ ቁጠሩ። ሳጥኑ ላይ ኪንደርሽፒል ዴስ ያረስ የሚል ሰማያዊ ምልክት ካለ የጀርመን የዓመቱ የልጆች ጨዋታ ሽልማት ነው። ማጂክ ላቢሪንት በ2009፣ ድራጎንስ ብሬዝ በ2018 አግኝተውታል።

አሁን እኛ ቤት ቅዳሜ ከሰዓት ጠረጴዛው ላይ ያለው ዘንዶው ነው። አያታችን መጀመሪያ ሲያዩት ሳቅ ብለው «ይሄማ የጊዮርጊስ ዘንዶ ነው» አሉ። ደንቡ አምስት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። እህቴ ብዙ ጊዜ በአማርኛ ተጠይቃ በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው። ባለፈው ቅዳሜ ግን አያታችን የቀዩን ካርድ ሊያነሱ እጃቸውን ሲዘረጉ ከወንበሯ ተነስታ «እማማ! ቀዩ የኔ ነው!» ብላ ጮኸች።

እርሳቸውም አልለቀቁላትም።