ጋቢ የሚሞቀው በምኑ ነው?

ጋቢ ምን እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። እናት ትፈትለዋለች፣ ሸማኔ ይሠራዋል፣ አባት ለብሶት ኖሮ ለልጅ ይተርፋል። አብዛኞቻችን የምንስተው የሚሞቅበትን ምክንያት ነው። ገዢ በመዳፉ መዝኖ ከባዱን ያነሳል፤ ክብደት ግን ለሙቀት ምስክር አይሆንም። ጥጥ በራሱ ሙቀት አያመነጭም፤ የሰውነታችንን ሙቀት የሚያቆይልን በክሩና በንብርብሩ መካከል ታፍኖ የሚቀረው አየር ነው። ድሩ ጠበቅ ብሎ የሚከረረው፣ ማጉ ደግሞ ላላ ብሎ የሚፈተለው ያለ ምክንያት አይደለም። ድር ተወጥሮ ስለሚውል መበጠስ የለበትም፤ ማግ ግን አየር መያዝ አለበት። በእንዝርት የተፈተለ ማግ ወደ ብርሃን ሲያዩት ዙሪያውን ስስ ጸጉር ያወጣል፤ አየሩን ይዞ የሚያስቀረው ይኸው ጸጉር ነው። ንብርብሩም እንዲሁ ነው፤ ነጠላ ሁለት፣ ጋቢ አራት። የሸማው ስፋት መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ በሚደርስበት ልክ ስለሚወሰን፣ ሁለት ጎን ተጋጥሞ ይሰፋል። አራት ንብርብር በሁለት ጎን ስምንት ይሆናል፤ ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል የሆነ ጋቢ 20 ሜትር ሸማ ይፈጃል ማለት ነው። 

ይህን የጋቢ ሙቀት ምስጢር በትምህርት ቤት ለማስተማር ከሰሜን ሸዋው ይፋት የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከደሴ በሚመጣው መንገድ ወደ አዲስ አበባ ሲወጡ ደብረ ሲና 2,700 ሜትር ገደማ፣ ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጥጥ የሚወደው ቆላውን ነው፤ ጋቢ የሚያስፈልገው ደጋው ነው። በቆላው የበቀለውን ጥጥ በሽመናና በንግድ የታወቁት አርጎባዎች ሸማ አድርገውታል፤ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመንም ከአንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባ ቆላና ደጋን የምታገናኝ ገበያ ነበረች። የአንድ ቤተሰብ ጋቢ እንግዲህ የአየር ንብረት፣ የንግድና የታሪክ ትምህርት በአንድ ላይ የያዘ ቅርስ ነው።

በዚህ ትምህርት ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሳል። አንደኛው፣ የሸዋ ሮቢት ማሳ ዛሬ በሽንኩርትና በማሾ ተይዟል፣ የፋብሪካ ብርድ ልብስም ይረክሳል፣ ልጅን ወደ እንዝርት መመለስ ምን ይጠቅማል የሚል ነው። ርካሽነቱ እውነት ነው፤ የሚገዛውም ይግዛ። ተማሪው ግን ፈታይ እንዲሆን ማንም አላለም። በሁለት ጠርሙስ እኩል የሞቀ ውኃ ሞልቶ፣ አንዱን በአንድ ንብርብር፣ ሌላውን በአራት ጠቅልሎ፣ በየአሥር ደቂቃው በቴርሞሜትር ቢለካ፣ የሙቀትን ሕግ ከሰሌዳ ከሚገለብጠው ይልቅ ይገባዋል። ሸማውን በራሱና በጓደኛው ክንድ ቢለካ ቁጥሩ ይለያያል፤ ሜትር ለምን እንዳስፈለገም ያን ጊዜ ይረዳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ መፍተል የሴት ሥራ ተደርጎ ስለኖረ ትምህርቱ ያንኑ ሸክም ያጸናል ይባላል። ትምህርቱ ለሴቶች ልጆች ብቻ ከሆነ አዎ፣ ያጸናል። ወንዱም እንዝርት ይዞ፣ ክር ሲበጠስበት ሲቀጥል ቢውል ግን፣ ለጋቢው ምስጋና ከሸማኔው አልፎ ለፈታይዋም እንደሚገባ ያውቃል። እስከ ዛሬ ሲወረስ የኖረው ጨርቁ ነው፤ እናቶች መፍተል ሲያቆሙ እውቀቱን በቤት የመማር ዕድል ይጠባል። ያን ጊዜ የሚቀረው ትምህርት ቤት ነው፤ ከጠርሙሱና ከቴርሞሜትሩ ሌላ የሚያስፈልገውም ጥቂት ባዘቶ፣ አንድ እንዝርትና ከየቤቱ ለአንድ ቀን የሚዋስ አሮጌ ጋቢ ብቻ ነው።