አንድ ቀሚስ፣ ሁለት ነጭ

በጥር ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ደጀን ለሠርግ የሚደርስ ቪዲዮ አንሺ ነዳጁንና የረዳቱን አበል አስቀድሞ ያሰላል። ሁለት ካሜራ ሲያሰማራ የሚዘነጋው ወጪ ቀለም ነው። ካሜራዎቹ «አውቶ» ላይ ከተተዉ የሙሽራዋ የሐበሻ ቀሚስ በአንዱ ወደ ሰማያዊ፣ በሌላው ወደ ቢጫ ሊያደላ ይችላል። በአረንጓዴ ሸራ ዳስ ሥርማ የሚዜው ፊት ሳይቀር የታመመ ይመስላል!

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ዳስ ውስጥ ሁለቱንም ካሜራ በአንድ ግራጫ ካርድ ማስተካከል፤ ደጅ በፀሐይ ሁለቱንም 5600 ኬልቪን ላይ ማሰር፤ ብርሃኑ ሲለወጥ መድገም። በነጠላ መለካት ያሳስታል፤ የልብስ ሳሙና ነጩን ወደ ሰማያዊ ይወስደዋልና።

ሶኒና ካኖን ግን እንዲህም ተደርጎ ልክ አንድ አይሆኑም፤ ቀሪው በኤዲቲንግ ሌሊት ይበላል፣ የደንበኛው ቀሪ ክፍያም ይዘገያል። ሁለተኛ ካሜራ የሚገዛ ሰው ከዋጋው በፊት ማርካውን ቢያይ ይሻለዋል።