የኒሯቅ ቤት ዋጋ ከአጥሩ ውጭ ነው

ከተማ ዳር ቦታ የተመራ ሰው ወጪውን ሲያሰላ ድንጋዩን፣ ሲሚንቶውን፣ ቆርቆሮውንና የአናጺውን የእጅ ዋጋ ይደምራል። ትልቁ ወጪ ግን ቤቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ይጀምራል። ውሃው ከየት ይመጣል? ልጆቹ የት ይማራሉ? ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት በምን ጤና ጣቢያ ትደርሳለች?

ጥያቄው ኒሯቅ ላይ ይበረታል። በዋግ ኽምራ የአበርገሌ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ወረዳው በፍየል ዝርያው የታወቀ የተከዜ ቆላ ነው። የሰሜኑ ጦርነት ክፉኛ ካገኛቸው ወረዳዎችም አንዱ ሲሆን፣ ብዙ ነዋሪ ሰቆጣ ላይ በመጠለያ ኖሯል። እንዲህ ባለ ቦታ ግድግዳ ማቆም ብቻውን ሰው አያኖርም።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ውል ላይ የሚሰፍረው የቤት ሽያጭ ነው። ሆኖም መሀል ከተማ ያለ ያረጀ ጭቃ ቤት ዳር ከተሠራ አዲስ ብሎኬት ቤት በላይ ቢያወጣ ማንም አይገረምም። ገዢው የሚከፍለው ለጭቃው ሳይሆን ደጃፍ ለደረሰው ቧንቧ፣ ለገበያውና ለመብራቱ ነው። ይህን ዋጋ ደግሞ ሻጩ አልፈጠረውም፤ የሕዝብ ገንዘብ ነው የፈጠረው።

የከተማ ኢኮኖሚ ምሁሩ ዊልያም አሎንሶ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው ሥራ፣ ሰው ከመሀል በራቀ ቁጥር ለቦታ የሚከፍለው ሲቀንስ ለመንገድ የሚከፍለው እንደሚጨምር አስረድቷል። እኛ ዘንድ መንገዱ ላይ ውሃ ይጨመርበት።

በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለትንንሾቹ ከተሞች የተቀመጠው መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 40 ሊትር ነበር። አምስት ሰው ላለበት ቤት 200 ሊትር፣ ማለትም አሥር ጀሪካን ይሆናል። ለስሌት ያህል አንዱን ጀሪካን ከነማስመጫው 10 ብር እንበለው፤ በወር 3,000፣ በዓመት 36,000 ብር። አብዛኛው ቤተሰብ ይህን አይከፍልም፤ ከውሃው ይቀንሳል፣ ወይም ልጃገረዷን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ወደ ወንዝ ይልካል። የከፈለውም ከምግቡ ቀንሶ ነው። የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. የተገባው ቃል ኪዳን የሰቆጣን ስም መያዙን ስናስብ ነገሩ ይከነክናል።

አዲስ አበባም ቤትን ከአገልግሎት ከማስቀደም ስሕተት አልዳነችም። የካ አባዶና ኮዬ ፈጬ ላይ የጋራ መኖሪያ ሕንፃው ቀድሞ ውሃውና ትራንስፖርቱ ሲዘገዩ፣ ዕጣ የደረሰው ብዙ ሰው ቤቱን አከራይቶ ራሱ መሀል ከተማ በኪራይ ቆየ። የኒሯቅ ሰው ይህ አማራጭ የለውም፤ ውሃ የሌለበትን ቤት የሚከራይ ከየት ይመጣል?

ፓርላማው በጥር 2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። አገልግሎት የፈጠረውን ዋጋ መልሶ ለአገልግሎት ማዋል በመርህ ተገቢ ነው። ቧንቧ ያልደረሰበትን ሰፈር በዚህ ታክስ ለማስከፈል መቸኮል ግን ያልወለደች ላም ማለብ ነው።

ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቶች በብዛት ከመሸንሸን ይልቅ ጥቂት ቦታ ከነውሃ መስመሩ ይስጡ። ቦታ የምትመሩ አንባቢዎችም መሠረት ከመቆፈራችሁ በፊት ቧንቧው የሚደርስበትን ዓመት በጽሑፍ ጠይቁ።