ካርታው የአንድ፣ ቤቱ የሁለት

ባለፈው ሳምንት በምግብ አዳራሹ በር ላይ ወረፋ ይዘን ሳለ ሁለት ጓደኞቻችን ሲከራከሩ ሰማን። አንደኛው «ባለቤቱ ካርታው በስሙ የሆነለት ነው» ሲል፣ ሁለተኛይቱ «እንዲያ ከሆነማ እናቴ ይኸን ሁሉ ዘመን የኖረችው በሰው ቤት ነዋ!» ብላ መለሰችለት። ክርክሩ በሳቅ አለፈ፤ እኛ ግን ነገሩ በሳቅ የሚታለፍ ሆኖ ስላላገኘነው ሕጉ የሚለውን ልናስረዳ ወደድን።

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አስቀድሞ የሚመለከተው ቤቱ መቼና እንዴት እንደ ተገኘ ነው። በጋብቻ ዘመን በገንዘብ የተገዛ ወይም የተሠራ ቤት የጋራ ነው። ካርታው በአንዳቸው ስም ብቻ ቢወጣም እንኳ የጋራ እንደ ሆነ ይገመታል፤ «የግሌ ነው» የሚል ወገን ማስረዳት አለበት። የግል የሚባለው ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ ወይም ከጋብቻ በኋላ በውርስና በስጦታ የመጣ ነው። ከግል ቤት የሚገኘው ኪራይ ግን የጋራ መሆኑን ስንቱ ባል ያውቅ ይሆን? (ብዙዎቹ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸውና የክልል አንባቢያችን የአገሩን ሕግ ይመልከት። መሬቱም ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ፣ ባልና ሚስት በመሬቱ ላይ የሚጋሩት የመጠቀም መብትን ነው።)

አንድ ወጥመድ አለ። በላጤነቱ ቤት የነበረው ሰው ካገባ በኋላ ያንን ሸጦ በዚያው ገንዘብ ሌላ ቢገዛ፣ አዲሱ ቤት የግሉ እንዲሆን ፍርድ ቤት ጠይቆ ማስወሰን ይገባዋል። ይህን ሳያደርግ የቀረ እንደ ሆነ ቤቱ ከጋራ ንብረት ሊቆጠርበት ይችላል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎት ስለ ነበር የጋራ ንብረቱን የሚያስተዳድረው እሱ ነበር። ዛሬ ሁለቱ እኩል ያስተዳድራሉ፤ የጋራ ቤትን ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ውልና ማስረጃ የሚሄድ ሻጭ የጋብቻ ወይም ያለማግባት ማስረጃ አምጣ የሚባለውም ስለዚህ ነው። ሚስት ሳታውቅ ቤቱ ቢሸጥ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ትችላለች፤ ነገር ግን ጊዜው አጭር ነው፤ ካወቀችበት ቀን አንሥቶ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢዘገይም ውሉ ከተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ መሆን አለበት።

እንግዲህ በካርታ ላይ ያለ ስም ዋጋ የለውም ማለታችን አይደለም። ስሟ አብሮ የተጻፈ ሚስት ማስረጃ ፍለጋ አትንከራተትም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ ያዘዘው በከንቱ አልነበረም፤ በአማራ ክልል ደብተሩ ላይ የሁለቱም ፎቶግራፍ ይለጠፍ ነበር። የከተማው ሰው ከገበሬው ቢማር ምን ነውር አለው?

በፍቺ ጊዜ የጋራው ቤት እኩል ይከፈላል፤ መከፈል ካልቻለና ካልተስማሙ ተሽጦ ገንዘቡን ይካፈላሉ። ይህን አብዛኛው ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሞት ጊዜ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ቤቱ በሙሉ ለእርስዋ የሚቀር ይመስላታል። ሆኖም ግማሹ የራስዋ ድርሻ ሲሆን፣ ሌላው ግማሽ ለሟች ወራሾች ያልፋል፤ በሕጋችን ደግሞ ኑዛዜ ከሌለ ሚስት የባልዋ፣ ባልም የሚስቱ ወራሽ አይደሉም። ልጆች ካሉ ለልጆች ነው። ልጅ ከሌለ የሟች አባትና እናት ይወርሳሉ፤ ያን ጊዜ ምራትና አማት የአንድ ቤት ባለድርሻ ሆነው ይገኛሉ። ይህን የማይሹ ባልና ሚስት በሕይወት ሳሉ ይናዘዙ፤ ግን በአንድ ወረቀት ላይ ሁለቱ አብረው ቢናዘዙ ኑዛዜው ስለማይጸና እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ይጻፉ።