ማንም ያልተኛበት ፍራሽ

አባቴ ጡረታ በወጣ በዓመቱ የሚኒባሱን የኋላ ወንበሮች አስነቅሎ ፍራሽ አነጠፈበት። ቡታጋዝ፣ ጀሪካንና ሁለት ጋቢ ጫነ። «ማንንም ሳናስቸግር ቢላ ደርሰን እንመለሳለን» አለ። እናቴ ሳቀች፤ ወለጋን ታውቀዋለች።

መንገዱ አስጊ ስለነበር ለዓመታት አገር ቤት አልሄዱም። በዚያ መሀል የአባቴ ሁለት አብሮ አደጎችና አንድ አጎቱ አርፈዋል፤ ቤተሰቡን ያጽናኑት በስልክ ብቻ ነው። ጉዞው ሽርሽር ይባል እንጂ ዕዳ ነበረበት።

በሐምሌ ዝናብ በአምቦ፣ በጉደርና በባኮ አድርገው፣ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ነቀምቴ ገቡ። እናቴ እህት ዘንድ አደሩ። በማግስቱ ዲዴሳን ተሻግረው፣ ጊምቢን አልፈው ቢላ ደረሱ። የአባቴ ታላቅ እህት ፍራሹን በመስኮት አየችው። «ምነው፣ ቤቴ ፈርሷል ወይ?» አለችና እንባዋ መጣ። በእኔ የማርኬቲንግ ሙያ ይህ ደንበኛን ሳያጠኑ ዕቃ ገበያ ማውጣት ይባላል።

በአሥራ አንድ ቀን ስድስት ቤት አደሩ። በየቤቱ በቅቤ የተጠበሰ ቡና ቀላ ይቀርባል፤ ከዚያ የሞቱት ይነሳሉ። አባቴ በጣም የፈራው የአብሮ አደጉን ባለቤት ነበር። እሳቸው ግን አልወቀሱትም፤ ቡና አፍልተው የባላቸው በርጩማ ላይ አስቀመጡት። ያዘጋጀው ቃል ሁሉ ጠፋበት።

ለመሄድ ላሰባችሁ እናቴ የምትመክረው፦ ከጨለመ አትንዱ፤ ከመነሳታችሁ በፊትም ማን እንዳረፈ በስልክ አጣሩ።

ሲመለሱ ፍራሹ ላይ የቡና ጆንያ፣ የማር ጀሪካንና እግራቸው የታሰረ ሁለት ዶሮዎች ተኝተው መጡ።